ናይትሮጅን የለካሁበት መታጠቢያ ቤት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ወረታ ጽሕፈት ቤታችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጣለልኝ፣ ለስላሳ ተደረደረልኝ፣ ጋቢም ተሸለምኩ። ከዚያ ወጣቶቹ ባለሙያዎች «ጋሽ ይርዳው፣ ከዚህ ሁሉ የሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ይንገሩን» ብለው ማይክራፎን ሰጡኝ። ያዳቀልኳቸው ላሞች ይመጡልኛል ብዬ ስጠብቅ በዓይኔ ላይ ድቅን ያለው የሆቴል መታጠቢያ ቤት ሆነ። መስታወት፣ እብነ በረድ፣ ነጭ ፎጣ። ግራ ገባኝ። «ሁሉም ጥሩ ነበር» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ ሆድ ብሶኝ መሰለውና አጨበጨበልኝ።

እኔ የከብት አዳቃይ ቴክኒሺያን ነኝ። ሥራዬ በበረዶ የተያዘ የኮርማ ዘር ተሸክሜ ከበረት በረት እየዞርኩ ላም ማስረገዝ ነበር። የፎገራን ጭቃ ቦቲ እስኪሞላ የረገጥኩ ሰው ከቅንጡ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ጋር ምን አገናኘኝ? ትላላችሁ። ስብሰባና ሥልጠና አገናኘኝ። ከነዚያ መታጠቢያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሠራሁት ስህተት ደግሞ የአንድ ሰው ጊደር አሳርዷል። ባለጊደሩ የናበጋው ገበሬ አያ ደሴ ነው። ጥፋቱ የጊደሯ ነው ብሎ አምኖ ተቀምጦ ነበር። እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሥራ ላይ ሳለሁ ዛሬ ነገ እያልኩ አለፈ። ጡረታ ስወጣ ጊዜ ሞላኝ፤ ልንገረው አልንገረው የሚለው ነገር ከጋቢው ጋር ተሸልሞኝ ቤቴ ገባ።

ሥራ የጀመርኩት ይፋግ ነው። ያሠለጠኑኝ ጋሽ ጥጋቡ አጭር፣ ቆፍጣና፣ ሰላምታቸው ሳይቀር ትእዛዝ የሚመስል ሰው ነበሩ። በረት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስሟ ማነው?» ብለው ነው። ገበሬው ገርሞት «ስሟ ምን ያደርግልዎታል?» ሲላቸው፣ «ሳላንኳኳ የሰው ቤት ልግባ እንዴ?» ይሉታል። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ታጥበው፣ ረጅሙን ጓንት አጥልቀው፣ ላሚቱን በስሟ እየጠሩ ይሠራሉ። መዝገባቸው ላይ ቅጹ የላሟን ቁጥር ብቻ ቢጠይቅም ጎኑ ላይ ስሟን ይጽፉ ነበር። ለዚህ ነገር ከቢሮ ሁለት ጊዜ ተገሥጸዋል፤ አልተዉም።

ዘሩ ያለው እንደ ሽቦ በቀጠነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። ከበረዶው ሲወጣ የሚሟሟበት ውኃ የላም ገላ ያህል ብቻ መሞቅ አለበት። ቴርሞሜትር ነበረን፤ እሳቸው ግን ከፔርሙዛቸው ኩባያ ላይ ቀድተው በእጃቸው አንጓ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። «ቀዝቃዛም ሙቅም ካልመሰለህ ደርሷል» ይሉኛል። በቴርሞሜትሩ ሳረጋግጥ አንድም ቀን ስተው አላገኘኋቸውም። የማዳቀያውን ዘንግ ብርድ እንዳይመታው ብብታቸው ሥር ይዘውት ስለሚሄዱ ከሩቅ ላያቸው ሙቀቱን የሚለካ በሽተኛ ይመስሉ ነበር።

ትልቁ ጥንቃቄያቸው ግን ኮንቴነሩ ላይ ነው። ኮንቴነር የምንለው ዘሩ የሚቀመጥበትን አንገቱ የጠበበ የወተት ቢዶን የሚመስል ዕቃ ነው። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። ናይትሮጅኑ በየቀኑ እየተነነ ይቀንሳል። ካለቀ ዘሩ ይሞታል፤ መሞቱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ቱቦው ያው ቱቦ ነው። ስለዚህ በጥቁር የእንጨት ማስመሪያ እንለካዋለን። ማስመሪያው ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ሲወጣ ፈሳሹ የነካው ድረስ ነጭ በረዶ ይይዛል። የያዘውን በጣት መቁጠር ነው።

ጋሽ ጥጋቡ ቤት ውስጥ ለክተው አያውቁም። ሜዳ ላይ ይወጣሉ፣ ማስመሪያውን በነፋስ ያወዛውዙታል፣ ያነባሉ፣ በካፖርታቸው ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁና ደግመው ይለካሉ። ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይወርዳል። ያን ጊዜ ገበሬ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው እንኳ ፀሐይ እስኪወጣ ማስመሪያውን አይነኩትም።

«እርጥበት ባለበት በረዶው ፈሳሽ ያልነካውን እንጨት ሁሉ ይለብሰዋል» አሉኝ አንድ ቀን። «ባዶውን ሙሉ ነኝ ይልሃል። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ሰምቼም ነበር።

ከይፋግ ወደ ሐሙሲት ተዛወርኩ። ሐሙሲት እያለሁ ነው አዲስ አበባ ለሥልጠና የተላክሁት። አለቃዬ ዶክተር ፍቅሩ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ትሑት ሰው ነው። ለሁለታችን አንድ ክፍል ሁለት አልጋ ተሰጠን። ገብተን ዕቃችንን ስናስቀምጥ የሁለታችንም ዓይን አንድ ቦታ ላይ ዐረፈ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ መስታወት ነው። ጭጋግ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ንጹሕ መስታወት። አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ውስጥ ያለውን ከእግር እስከ ራሱ ያያል፤ የሽንት መቀመጫውም እዚያው ፊት ለፊት ጉብ ብሏል።

«አቶ ይርዳው፣ መጋረጃ ይኖረዋል» አለኝ ዶክተር ፍቅሩ።

ፈለግን። የለም። ግድግዳው አልቆባቸው ነው ወይስ ሆን ብለው? ማን ማንን እንዲያይ? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለአምስት ቀን አንዳችን ስንገባ ሌላችን ኮሪደር ላይ እንቆም ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ እንግዶች ለምን በየማለዳው በር ላይ ቆሜ እንደሚያገኙኝ ግራ ገብቷቸው የጥበቃ ሠራተኛ መሰልኳቸው፤ አንዱ ሻንጣ አሸከመኝ። በመጨረሻው ቀን አልጋ የምታነጥፈው ልጅ መጥታ ከራስጌው ያለችውን ቁልፍ ጫን ስታደርጋት መጋረጃው ከጣሪያው ተንሸራቶ ወረደ። ዶክተር ፍቅሩ እኔን፣ እኔ እሱን አየን። ስለዚህ ነገር ሐሙሲት ስንመለስ ላለማውራት ተማማልን፤ ይኸው ዛሬ አፈረስኩት።

ሁለተኛው ወረታ ከተዛወርኩ በኋላ ናይሮቢ ነው። ከወረታ ልጅ ከሰይድ ጋር ነው የሄድነው፤ ቤተሰቦቹ ነጋዴ ናቸው፣ እሱ እንስሳት ሐኪም ሆነ። እዚያ ደግሞ የሽንት መቀመጫው ክዳን ስገባ ብድግ አለልኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬዋለሁ። የመጸዳጃ ወረቀቱ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል። ሰው ጀምሮት የተወው መስሎኝ ጠርቼ ላስቀይር ነበር። ቧንቧው መክፈቻ የለውም፤ እጄን ሳቀርብ ውኃ ይመጣል፣ ሳሙናውን ላነሣ ስል ይሄዳል። ከጎን ካሉት ቁልፎች አንዱን ስነካ ደግሞ ከሥር ለብ ያለ ውኃ ተረጨብኝና በሱሪዬ ቁጭ ብዬ ስመረምረው ስለነበር ለስብሰባው ዘገየሁ። ለሰይድ ነገርኩት።

«ይኸማ ዕውቀት ነው!» አለኝ ሳቁን እየታገለ። «ሰው በውኃ መጽዳት እንዳለበት የገባቸው እነዚህ ብቻ ናቸው። ሌላው ነው ደንቆሮ።»

በዚያው ሳምንት ወረታ ባለቤቴ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ደርድራ የቧንቧ ተራ ትጠብቅ ነበር። ክረምት ሜዳውን ውኃ ሲውጠው የምናይ ሰዎች በጋ ላይ ውኃ በተራ እንቀዳለን። ይኼንና የናይሮቢውን በአንድ ራስ መያዝ ያስቸግራል። አበሉ መልካም ነበር፤ አልክድም።

አሁን ወደ ባሕር ዳሩ ልምጣ።

ያን ጊዜ ከዶክተር ፍቅሩ ጋር ከሐሙሲት ወረታ ተዛውሬ፣ ፀጉሬም ሸብቶ ነበር። የአያ ደሴ ታላቅ ወንድም ቡሬ የሚባል ንጹሕ የፎገራ ኮርማ ነበረው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሻኛው ዘንበል ያለ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው። የኮርማ ዘር የሚሰበስበው የባሕር ዳር ማዕከል ዘሩን ወሰደለት። ከዚያ ኮርማው ሞተ፣ በዓመቱ ባለቤቱም ሞተ። ግጦሹን የሩዝ ማሳ እየበላው እንዲያ ያለ ኮርማ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ከቡሬ የቀረው ዘር በእኔ ኮንቴነር ውስጥ ያሉት አራት ቱቦዎች ብቻ ናቸው። አያ ደሴ ወለላ የምትባል ጊደር አለችው። ከሌላ ኮርማ ጋር እንዳትቀላቀል ከመንጋው ለይቶ አስሮ ነበር የሚቀልባት።

«ዶክተር፣ ሌላ ነገር አልሻም» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር፤ ሐኪም ባልሆንም ዶክተር ነው የሚለኝ። «የወንድሜን ከብት ጥጃውን ደጄ ላይ ልየው። ካየሁ በቃኝ።»

የባሕር ዳሩ ስብሰባ ስለ ነባር የከብት ዝርያ ነበር። ናይትሮጅን የሚሞላውም ማዕከል እዚያው ከተማ ስለሆነ ኮንቴነሩን ይዤ ሄድኩ። ሆቴሉ ሐይቁ ዳር ነው። ጥበቃው ዕቃው ሲጨስ አይቶ አላስገባም ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ተሟግተን፣ ዶክተር ፍቅሩ ወረቀት አሳይቶ ገባን። እንግዳውም ሁሉ አፍጥጦ አየን። ከዚያ ወዲያ ኮንቴነሩን ይዤ ከክፍሌ ለመውጣት አፈርኩ። ምንጣፉ ላይ እንዳይሆን ብዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ልታጠብ ገባሁ። ውኃው የሚወርደው ከጣሪያው ነው፤ ከገበታ የሚሰፋ ብረት ተሰቅሏል፣ እንደ ሐምሌ ዝናብ ያወርደዋል። ግድግዳው ላይ ሦስት እጀታ አለ። መክፈቱን ከፈትኩት። መዝጋት አቃተኝ። አንዱን ሳዞር ከጎን ይተኩሳል፣ ሌላውን ሳዞር ይግላል፣ ሦስተኛው ምንም አያደርግም። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው፤ መስታወቱ ጠፋ፣ እጄም ጠፋኝ። ፎጣ ታጥቄ ስልክ ደወልኩ። አንዲት የጥገና ባለሙያ መጣች።

«አባቴ፣ አይዞርም እኮ። ወደ ራስዎ ነው የሚሳበው» ብላ በአንድ ጣቷ ዘጋችው።

እሷ እንደወጣች ስልኩ ጮኸ። ዶክተር ፍቅሩ ነው። «አቶ ይርዳው፣ መኪናው ሊነሣ ነው። ናይትሮጅኑ ስንት አለው? ዛሬ እንዲሞላ መኪናውን ማዕከሉ ልላከው ወይስ ሐሙስ ስንመለስ ይደርሳል?»

«ቆየኝ» አልኩና እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ገብቼ ማስመሪያውን ከተትኩ። ሳወጣው ስምንት ጣት ሙሉ ነጭ በረዶ ለብሷል። አላወዛወዝኩትም፣ አልደገምኩትም። ሰገነት ነበረኝ፤ በሩን ከፍቶ መውጣት ሁለት እርምጃ ነው። ለምን አልወጣሁም? አፍሬ ነው? ቸኩዬ ነው? ወይስ እንዲህ ያለ የተወለወለ ቤት ውስጥ ነገር ሊበላሽ ይችላል ብዬ ሳላስብ ቀርቼ ነው? የጋሽ ጥጋቡ ነገር ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ስምንት ጣት። ሐሙስ ይደርሳል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሐሙስ ማዕከሉ ሄጄ ክዳኑን ሳነሣ እንደ ወትሮው የሚንፎለፎል ጭስ የለም። ስስ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ናይትሮጅን የሚሞላው ሠራተኛ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ።

«ጋሼ፣ ይኼ ደርቋል እንዴ?»

«የለም፣ ትንሽ አለው» አልኩት ሳላይ።

«ከተጠራጠሩ አንዱን ቱቦ በማይክሮስኮፕ እንየው።»

«አራት ብቻ ናት ያለችኝ» አልኩ። እውነት ነበር። ግን በዚያው ኮንቴነር ውስጥ የፈረንጅ ኮርማ ዘር ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ አንዱን ማስመርመር እችል ነበር። ይኼ የታሰበኝ እዚያው ነው ወይስ መንገድ ላይ ሐሙሲት ስንደርስ ነው? ልማል ብል አልችልም። የማውቀው ናይትሮጅኑን አስሞልቼ ዝም ማለቴን ነው።

በሳምንቱ አያ ደሴ ደወለ። ወለላ ኮርማ ፈልጋለች። ሄጄ አዳቀልኳት። በሦስት ሳምንቷ ተመለሰች፤ ሳትይዝ ቀርታ እንደገና ኮርማ ፈለገች ማለት ነው። ደገምኩ። ተመለሰች። ሦስተኛውም እንዲሁ። በዚያ መሀል ከዚያው ኮንቴነር በወረታ ዙሪያ ያዳቀልኳቸው ላሞች በሙሉ እየተመለሱ ነው፤ አንዳቸውም አልያዙም። ያን ጊዜ እርግጡን አወቅሁ። ለሌሎቹ አዲስ ዘር አምጥቼ በነጻ ደገምኩላቸው፤ ችግሩ አለቀ። የቡሬን ግን ከየት አመጣለሁ? አራተኛውን ቱቦ ሞቶ እያወቅሁት ለወለላ ሰጠኋት። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላስብም፤ ግን እጄ ይኼን ሠርቷል።

እሱም ከሸፈ። አያ ደሴ ወረታ ገበያ መጥቶ ቢሮዬ ገባ። ቆሞ ነው ያነጋገረኝ።

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ ዶክተር። ሚስቴ ብርቄ ‹አትሽጣት፣ ከሌላ ኮርማ ጋር ትሞከር› ትለኛለች። ኮርማ ልስጣት ወይስ ልሽጣት?»

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ኮርማ ስጣት ካልኩት ወለላ ትይዛለች። ከያዘች ደግሞ ሞቶ የነበረው ዘሩ መሆኑ ይታወቃል። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት ዓይኔን ሁለት ጊዜ እስካርገበግብ ነው።

«አንዳንድ ጊደር እንዲህ ናት» አልኩት። «አትልፋ፣ አያ ደሴ።»

ለፋሲካ ለሥጋ ነጋዴ ሸጣት።

ሦስት ዓመት አለፈው። ጋሽ ጥጋቡ በሕይወት ቢኖሩ እሄድላቸው ነበር፤ የሉም። ባለፈው ኅዳር በባጃጅ መንገዱ እስከሚያደርስ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ናበጋ ገባሁ። አያ ደሴ አውድማው ላይ ሩዝ ያበራያል፤ ሚስቱ እትየ ብርቄ ወዲያ ማዶ እያበጠረች ነው።

«ዶክተር! ጡረታ ወጣ አሉን እኮ!» ብሎ መንሹን አቁሞ ሳመኝ። «በል ተቀመጥ፣ ጠላ ይምጣልህ።»

«አልጠጣም። የወለላ ነገር ነው ያመጣኝ።»

«ምን አለ ደግሞ የእሷ? ሄዳለች እኮ።»

ሁሉንም ነገርኩት። የሻወሩን እጀታ ሳይቀር ነገርኩት፤ ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም፣ ምናልባት ጥፋቱን ከእጀታው ጋር ልካፈል ፈልጌ ይሆናል። አራተኛውን ቱቦም ነገርኩት። ቢሮ የመጣ ዕለት የመለስኩለትንም ነገርኩት። መንሹን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ቆይ» አለኝ። «ጊደሯ ደኅና ነበረች ነው የምትለኝ?»

«ደኅና ነበረች።»

«ኮርማ ብሰጣት ትይዝ ነበር?»

«ትይዝ ነበር።»

«የቡሬስ? የቀረ አለ?»

«የለም። እነዚያው አራቱ ነበሩ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ብርቄ! ነይ እስኪ ወዲህ። ወለላ መካን አልነበረችም ይላል።»

እትየ ብርቄ ሰፌዷን እንደያዘች መጣች። አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ገለባው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ላይ የምትጮህ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረችኝ።

«አትሽጣት ብዬ ስታገለው ከርሜ፣ ኋላ እኔም አመንኩ» አለች። «የሄደች ዕለት በር ላይ ቆሜ ‹ሂጅ አንች ደረቅ! ደጄን አደረቅሽው!› አልኳት። ዞራ አየችኝ እኮ። ደሴ፣ ዞራ አየችኝ እኮ።»

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት አያ ደሴ በእጁ ከለከለኝ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ከፊቱ ላነበው አልቻልኩም። ካወቀኝ ጀምሮ ዶክተር እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም።

«በል አሁን ሂድ፣ ይርዳው» አለኝ።